ስታኩን ወደ ቲሲፒ ቀይሬም ክላስተሩ እምቢ ሲለኝ

ክላውድ ላይ ሁለት ዋይልድፍላይ (የጃቫ አፕሊኬሽን ሰርቨር) በክላስተር፣ ማለትም እንደ አንድ ቡድን እንዲሠሩ አስነስተን፣ ሥራውን የሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር ተጠቃሚውን ከአንዱ ወደ ሌላው ባዞረው ቁጥር እንደገና ሎግኢን አድርግ ይለው ነበር። ሎጉ ላይ እያንዳንዱ ሰርቨር የሚያየው አባል አንድ ብቻ ነው፤ ራሱን።

የኔትወርክ ፓኬቶችን በሚያሳየው ቲሲፒደምፕ ስከታተል ወደ 230.0.0.4 የሚላኩት የዩዲፒ መልቲካስት (አንዴ ተልኮ ለብዙ ተቀባይ የሚደርስ) ፓኬቶች ከአንደኛው ይወጣሉ፣ ሁለተኛው ጋ ግን አይደርሱም። ኔትወርኩ መልቲካስት አያሳልፍም፤ ክላውድ ላይ የተለመደ ነው።

ሰርቨሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን የፕሮቶኮሎች ስብስብ፣ ስታኩን፣ ከዩዲፒ ወደ ቲሲፒ ቀየርኩ። ያው! ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፦ መልእክቱ በቲሲፒ ቢሄድም፣ አባላቱን ፈልጎ የሚያገኘው ኤምፒንግ አሁንም መልቲካስት ነው የሚጠቀመው። እሱን አውጥቼ አባላቱን ከተጻፈለት የአድራሻ ዝርዝር የሚፈልገውን ቲሲፒፒንግ ተካሁበት፤ የሁለቱንም አይፒ ከ7600 ፖርት ጋር ጻፍኩ፤ በመካከላቸው ያለውን ፋየርዎልም ከፈትኩ። ክላስተሩ የሚነጋገርበት ፕራይቬት የሚባለው ኢንተርፌስ ካልነኩት 127.0.0.1 (ከራሱ ከሰርቨሩ ውጪ የማይደረስበት አድራሻ) ላይ ስለሚቀር፣ ወደ ሰርቨሩ የውስጥ አይፒ ማዞር ግድ ነው።

ዩዲፒን ማጣጣሌ ግን አይደለም። ስዊቹ የራሳችን ቢሆንና ሰርቨሩ ቢበዛ፣ አንድ ፓኬት ለሁሉም ስለሚደርስ እሱን እመርጥ ነበር። ለሁለት ሰርቨር ቲሲፒ ይበቃል።

ሪስታርት ሳደርግ ሎጉ ሁለት አባላት አሳየ። አንዱን ሆን ብዬ አጠፋሁት፤ ተጠቃሚው ሎግኢን ሳይጠየቅ ሥራውን ቀጠለ።