በከተማ አውቶቡስ ሲጓዙ ከሁሉ በላይ በሩን ይጠንቀቁ

በመሃል አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ለአደጋም ሆነ ለስርቆት ይበልጥ የሚጋለጠው ሲሳፈርና ሲወርድ ነው። ፒያሳ፣ ለገሀር ወይም ሜክሲኮ አመሻሹ ላይ ሰልፉ ፈርሶ ሁሉም ወደ በሩ ሲጋፋ፣ ተሳፋሪው መደገፊያውን ለመያዝ እጆቹን ስለሚያነሳ ኪሱና ቦርሳው ጠባቂ ያጣሉ፤ ኪስ አውላቂም የሚጠብቀው ይህችኑ ቅጽበት ነው።

ስለዚህ ዝግጅትዎን ፌርማታው ላይ ሳሉ ይጨርሱ። ለትኬት የሚከፍሉት በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ዝርዝር ብሩን ለብቻው ያውጡ፣ ስልክዎን ዚፕ ባለው የውስጥ ኪስ ይክተቱ፣ ቦርሳዎንም ከጀርባዎ አዙረው ደረትዎ ላይ ያድርጉት። ሳይሳፈር በሩ ላይ ቆሞ መንገድ የሚዘጋ ሰው ካዩ፣ ግብረ አበሩ ከኋላዎ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉ። በሩ እስከማይዘጋ ድረስ የሞላ አውቶቡስ ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢቸኩሉ ቀጣዩን ይጠብቁ።

ከገቡ በኋላ ብረቱን አጥብቀው ይያዙ። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሀር የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት በመሆኑ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ቆሞ የሚሄደው ሁሉ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ስለዚህ እግርን ገጥሞ ከመቆም አንዱን ወደ ፊት ማስቀደም ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳል። ልጅ ላዘለች እናትና ለአዛውንት ወንበር መልቀቅም የደኅንነት ጉዳይ ነው። ግፊያውን ሰበብ አድርጎ የሚነካካት ሰው የገጠማት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እጅህን ሰብስብ!» ትበለው፤ በዙሪያዋ ያለን ሰዎችም ከጎኗ የመቆም ግዴታ አለብን።

ሲወርዱ አውቶቡሱ ፈጽሞ ሳይቆም እግርዎን ከደረጃው አያንሱ። ከእግረኛ መንገዱ ርቆ ከቆመ በመካከል ሞተር ሳይክል ሊያልፍ ይችላልና በመጀመሪያ ወደ ኋላ ይመልከቱ። ከሕፃን ጋር ከሆኑ ሲሳፈሩ ልጁን ያስቀድሙ፣ ሲወርዱ ግን እርስዎ ይቅደሙና ተቀብለው ያውርዱት። ከሁሉ የከፋው በቆመ አውቶቡስ ፊት ዞሮ መሻገር ነው፤ አውቶቡሱን ለመቅደም የሚመጣው አሽከርካሪ እግረኛውን የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው። አውቶቡሱ እስኪሄድ ይታገሡና በዜብራ ይሻገሩ።

ስልክዎ ከተሰረቀ ሌባውን ለመያዝ ብለው መኪና መሃል አይግቡ። ስልክ ተውሰው የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ካርድዎን በ994፣ ቴሌብር ካለዎትም በ127 ያሳግዱ፤ የአውቶቡሱን የጎን ቁጥር ይዘው ለፖሊስ በ991 ያመልክቱ። *#06# ሲጫኑ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ የስልክዎን መለያ ቁጥር ከወዲሁ ወረቀት ላይ ጽፈው ቤት ያስቀምጡ፤ ስልኩ ቢገኝ የእርስዎ መሆኑን የሚያስረዱት በእርሱ ነው። ጉዳት የደረሰበት ሰው ካለ ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።