የቀድሞ እንግሊዛውያን ሴት ጸሐፌ ተውኔቶች፦ ሒሱን ስናነብ የምንሳሳተው

ተተቸ ማለት ወደቀ ማለት ነው ብሎ ማሰብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1709 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ የሱዛና ሴንትሊቨር «ዘ ቢዚ ቦዲ» ልምምድ ላይ ነበር። ስመ ጥሩው ተዋናይ ሮበርት ዊልክስ የሚያጠናውን ወረቀት በንዴት ወርውሮ፣ ይሄን ማንም ቁጭ ብሎ አይሰማም አለ ይባላል። ሕዝቡ ግን ወደደው። ከመቶ ዓመት በላይም ከመድረክ አልጠፋም። ታላቁ ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ በ1776 መድረኩን ሲሰናበት የተወነውም በሴንትሊቨር ሌላ ድርሰት፣ በ«ዘ ዎንደር» ነው። ስለዚህ ሐያሲው ያለውን ካነበባችሁ በኋላ ተውኔቱ ምን ያህል እንደታየም ፈልጉ።

«ባለጌ ናት» የሚለውን እንዳለ መቀበል። ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕ የ17ኛው መቶ ዘመን ጸሐፌ ተውኔት አፍራ ቤንን በዚህ የነካት በ1737 ነው። ከሞተች 48 ዓመት ሆኗት ነበር፤ መልስ መስጠት አትችልም። በሕይወት ሳለች ግን መልሳለች። በ1678 ባሳተመችው ተውኔት መቅድም ላይ፣ ወንድ ሲጽፈው ዝም የሚባለው ነገር ሴት ስትጽፈው ለምን ነውር ይሆናል ብላ ተሟግታለች። እውነቷን ነው። የዘመኑ የወንዶች ኮሜዲም ያው የመኝታ ቤት ጉድ ነበር።

ቤን የመጀመሪያዋ እንግሊዛዊት ሴት ጸሐፌ ተውኔት ናት ማለት። አይደለችም። የኤልዛቤት ኬሪ ተውኔት በ1613 ታትሟል። የፍራንሲስ ቡዝቢም በ1669 ለንደን ላይ ታይቷል፤ የቤን የመጀመሪያው በ1670 ነው። ቤንን ልዩ የሚያደርጋት በብዕሯ እንጀራ መብላቷ ነው።

ፌዝን እንደ ሕይወት ታሪክ ማንበብ። በ1696 ሦስት ሴት ደራሲዎች በአንድ ተውኔት ተሾፈባቸው። ሜሪ ፒክስ እዚያ ላይ ወፍራምና መጠጥ ወዳድ ሆና ቀረበች። ያንን ይዞ ስለ ሴትየዋ ማውራት ይከብዳል፤ የራሷን ተውኔቶች ማንበብ ይሻላል።

ፍርዱ ሁሌ ሥራው ከታየ በኋላ የተሰጠ ይመስለናል። በ1673 የቤን «ዘ ደች ላቨር» ሊታይ ነው። አንድ ዘናጭ ሰውዬ ገብቶ ቦታውን ያዘ። አጠገቡ ላሉት፣ የሴት ድርሰት ስለሆነ አስቀያሚ ነገር ልታዩ ነው አላቸው። ይህን የጻፈችልን ራሷ ቤን ናት። ተውኔቱ ገና አልተጀመረም ነበር።