ፕሮክሲ ሰርቨር ላይ የማያቸው ስህተቶች (አንዱ ትዕግስቴን ጨርሶታል)

ሰሞኑን አዘዞ አካባቢ ካለ መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ግማሹ ሰው ኢንተርኔት አይገባለትም።» ገና ሳልሄድ ገባኝ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር።

ሰርቨሩ ፒኤፍሴንስ (የፋየርዎል ማለትም የኔትወርክ በር ጠባቂ ሲስተም) ላይ የተጫነ ስኩዊድ ነው፤ ስኩዊድ የሠራተኛውን የኢንተርኔት ጥያቄ መሃል ሆኖ የሚያስተላልፍ የፕሮክሲ ፕሮግራም ነው። የአይቲው ልጅ፣ ጎበዝ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ከ3 ሳምንት በፊት ለሒሳብ ክፍል ፈቃድ ሊጨምር በኤስኤስኤች (በትእዛዝ መስመር ከርቀት መግቢያ) ገብቶ የስኩዊዱን ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል በእጁ ጻፈበት። ሠራለት። ግን ያ ፋይል የእሱ አይደለማ! ፒኤፍሴንስ ዋናውን ቅንብር የሚይዘው በራሱ የኤክስኤምኤል ፋይል ነው፤ የስኩዊዱን ፋይል ከዚያ እየወሰደ ይጽፈዋል። አንድ ሰው በዌብ ገጹ ገብቶ «ሴቭ» ሲል ወይም ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ እንደ አዲስ ይጻፋል፤ በእጅ የገባው መስመር ዱካው አይገኝም። ልጁን ያሳሳተው 3 ሳምንት ሙሉ ማሽኑ አለመጥፋቱ ነው። ጎንደር ውስጥ!

ስንት ጊዜ ልናገር? ተጨማሪ መስመር ካላችሁ ዌብ ገጹ ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ ሳጥን አለ፣ እዚያ ጻፉት። ተርሚናሉን (የትእዛዝ መስመሩን) ሎግ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚጽፈውን መዝገብ፣ ለማየት ተጠቀሙበት። ተራ ሊኑክስ ላይ የጫናችሁት ስኩዊድ ከሆነ ፋይሉ የእናንተ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት በ«ፓርስ» ትእዛዝ አስፈትሹት።

የሕጎች ቅደም ተከተል፦ ስኩዊድ ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ መጀመሪያ የገጠመው ላይ ይቆማል። «ሁሉንም ከልክል» ከሚለው በታች ያለ ፈቃድ ጌጥ ነው።

ሰዓት፦ ተጠቃሚ «ማታ 4 ሰዓት ላይ ተቋረጠብኝ» ሲላችሁ ሎግ ውስጥ 4ን አትፈልጉ። የኛ ማታ 4 በፈረንጅ 22:00 ነው፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ደግሞ 19:00። ስኩዊድ ካልቀየራችሁት ጭራሽ ሰዓት አይጽፍም፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው የሚቆጥረው። እኔ ራሴ ግማሽ ቀን ሙሉ የጠዋቱን ሎግ ሳገላብጥ ውያለሁ።

ራስን ከውጭ መቆለፍ፦ ይህንንም ሠርቼዋለሁ። ቤቴ ቁጭ ብዬ የፋየርዎል ሕግ ሳስተካክል የራሴን መግቢያ ዘጋሁት። ፒኤፍሴንስ አስተዳዳሪው እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ ሕግ አለው፣ ግን በላን (በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ኔትወርክ) በኩል ለሚገባ ብቻ ነው፤ እኔ የመጣሁት ከውጭ ነበር። ቀኑ ደግሞ ከተራ! ታቦቶቹ ወደ ፋሲል መዋኛ እየወረዱ፣ መንገዱ በሕዝብ ሞልቶ፣ ባጃጅ የሚባል የለም። ላፕቶፔን አንግቼ ነጭ በለበሰው ሕዝብ መሃል ወደ ላይ፣ በተቃራኒው፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያልኩ ወጣሁ። ሰርቨሩ ጋ ስደርስ ኪቦርድ ሰካሁ፣ ከስክሪኑ ዝርዝር 15 ቁጥርን መረጥኩና የቀድሞውን ኮንፊግ መለስኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

የዌብ ገጹን መግቢያ ለውጭ ከፍቶ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ሳይቀይሩ ስለመተው አላወራም።