በድሬዳዋ ሙቀት አዲስ ንቅሳት እንዳይበላሽ

ድሬዳዋ ላይ አዲስ ንቅሳት የሚበላሸው በአብዛኛው በላብ፣ በአቧራና በፀሐይ ነው። ስለዚህ ከሥዕሉም በፊት ወቅቱን ይምረጡ። ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሰውነት ሌሊቱንም ስለሚያልበው ቁስሉ ደረቅ ሆኖ አያድርም። ደጋው ሐረር የሚነቀስ ሰው በዚህ በኩል ይቀለዋል። ሰፈርዎ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ከቀጠሮው በፊት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተው ያስቀምጡ።

መርፌው ቀለሙን የሚያስቀምጠው ቆዳው ውስጥ፣ ከላዩ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ያ ማለት ክፍት ቁስል ይዘው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ስኳር ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ እርጉዝ ሴት እስክትወልድ ትቆይ። ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ሲቆረጡ ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ከሆነ ደረትና ትከሻ ላይ ባይነቀሱ ይመረጣል፤ ኬሎይድ የሚባለው ይህ ጠባሳ በብዛት የሚወጣው እዚያ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰዱ አሁን ይጀምሩ። ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር።

ሂና የተቀባ ቦታ ላይ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ መነቀስ ተገቢ አይደለም፤ ነቃሹ መስመሩን በትክክል አያይም። በተለይ ጥቁር ሂና ተቀብተው አሳክኮዎት ወይም ውሃ ቋጥሮ ከነበረ ሳይደብቁ ይንገሩት። ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ይቀላቀልበታል፤ ውስጡ ያለው ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ያስቆጣው ቆዳ ለሌላ ቀለምም ሊቆጣ ይችላል።

ቤቱ ውስጥ የሚታየው ነገር ከነቃሹ ዝና ይበልጣል። መርፌው ከታሸገበት ዓይንዎ እያየ ይከፈት። ቀለሙ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ተቀድቶ የተረፈው ይደፋ፤ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። ነቃሹ በጓንቱ ስልክ ከነካ ጓንቱን መቀየር አለበት። ደጋግሞ የሚጠቀምበት ብረት ካለ በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን) መቀቀሉን ይጠይቁ። በአልኮል መጥረግ አይበቃም፤ ማሽኑ እየሠራ መብራት መሃል ላይ ከጠፋም መቀቀሉ ከመጀመሪያው ይደገማል። ቀለም ለማቅጠን የቧንቧ ውሃ ሲጨምር ካዩ ግን ቀብድ የከፈሉ ቢሆንም ተነስተው ይውጡ። ቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ቆዳ ሥር ሲገቡ በወራት ሕክምና የሚድን እባጭ ያመጣሉ።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን አልኮል አይጠጡ። ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ጠንከር ያለ ምግብ ይብሉ፣ ውሃም ይጠጡ። ጫት ቅመው አይሂዱ፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ ይነሳል። ባዶ ሆድ ከመርፌው ሕመም ጋር ሲገናኝ ሰው ራሱን ይስታል። ረመዳን ላይ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከሆኑ ደግሞ ቀጠሮውን ከበዓል በኋላ ያድርጉት። ፀጉሩን ራስዎ አይላጩ፤ ነቃሹ በአዲስ ምላጭ ያነሳዋል።

ተነቅሰው ሲወጡ የተሸፈነው በተራ ፕላስቲክ ከሆነ በዚህ ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሥሩ ላብ ይጠራቀምና ለባክቴሪያ ይመቻል። የሚጣበቀው ቀጭን ፊልም ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ይያዝ። ጠርዙ ተነስቶ ፈሳሽ ካፈሰሰ ግን ወዲያው በውሃ እያራሱ ይላጡት።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ እጥበት ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ብዙ ካላበዎት ሦስት። መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ሥር ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ነው፤ ሳሙና ቶሎ አይለቅም። ለመጀመሪያው ሳምንት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይታጠቡ፣ በደንብም ያለቅልቁ። ከጣሪያ ሮቶ በቀትር የሚወርደው ውሃ ደግሞ ሲነኩት ያቃጥላል፤ እጥበቱን ማለዳና ማታ ያድርጉት። ሳሙናው ሽቶ የሌለው ይሁን፤ ላርጎና የልብስ ሳሙና አይሆኑም። በጣትዎ ብቻ በቀስታ ይሹት፤ ስፖንጅ አይንካው። ሲያደርቁም ሶፍት ተበጣጥሶ ስለሚጣበቅ በንጹህ ጎዝ ጫን ጫን እያሉ ውሃውን ያንሱ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ክፍት ይተዉት።

ቅባት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መዳፍ ለሚያህል ንቅሳት የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቅባት ትበቃለች። ተቀብተው ቆዳው ካብረቀረቀ በዝቷል፤ በጎዝ ያንሱት። ቫዝሊን በወፍራሙ ሲቀባ ላብ መውጫ ያጣል፣ ዙሪያው ትናንሽ ሽፍታ ይወጣል፣ ቅርፊቱም ረጥቦ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሽቶ የሌለው ሎሽን በስሱ ይቀቡ። ቅቤ፣ ማር፣ የጥርስ ሳሙና፣ አልኮል አይደርስበትም፤ ሐኪም ካላዘዘም የአንቲባዮቲክ ቅባት አያስፈልግም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ጥርት ያለ ፈሳሽ ከቀለም ጋር ቢወጣ አይደንግጡ። ከአራተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ቆዳው ይላጣል፣ ያሳክካል። መቧጨርና ቅርፊት መንቀል ነጭ ክፍተት ያስቀራል፤ በንጹህ መዳፍ መታ መታ ያድርጉት። ላዩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፣ ውስጡ ግን ወራት። እስኪዘጋ ድረስ ዋናም ሆነ ጸበል ውስጥ መነከር አይቻልም። ባጃጅ ላይ ሲሆኑ በሰፊ፣ በታጠበ የጥጥ ልብስ ይሸፍኑት። የፀሐይ ክሬም የሚቀባው ቆዳው ከዘጋ በኋላ ነው፤ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባትም ቁስሉ ላይ አይቀቡ፤ አጎበር ውስጥ ይተኙ። የደበዘዘ ቦታ ካለ ለማስደገም ሁለት ወር ይጠብቁ።

ጠይም ቆዳ ላይ መቅላት ቶሎ አይታይም፤ ስለዚህ በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱት። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ትኩሳቱ፣ እብጠቱና ሕመሙ እየቀነሰ ካልሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ሕመሙ ወደ ብብት ወይም ብሽሽት ከተዛመተ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሰውነትዎ በሙሉ ካተኮሰም ንቅሳቱ ነው ብለው አይደምድሙ። ድሬዳዋ ወባ ያለባት ከተማ ናት፤ በትንኝ ከሚተላለፉ ሌሎች የትኩሳት በሽታዎችም በ2013 እ.ኤ.አ. ዴንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ቺኩንጉንያ ተከስቶባታል። ደም ሳይመረመሩ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ ዴንጊ ከሆነ መድማት ያባብሳሉ። ለጊዜው ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ለሚመረምርዎት ባለሙያም የተነቀሱበትን ቀን ይንገሩት።