ፕሮግራም ኢሜይልን በተመሰጠረ መስመር አላወርድ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ የክፍል ማስያዣ ኢሜይሎችን በየ10 ደቂቃው ከሰርቨር እያወረደ የሚመዘግብ አነስተኛ የፓይተን ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ቀጥሎ የተዘረዘሩት ችግሮች በአብዛኛው በዚያ ፕሮግራም ላይ የደረሱ ናቸው፤ ሆኖም ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ለሚጠቀም ሰውም መፍትሄዎቹ ያገለግላሉ፤ ከሥር ያለው የአይማፕ (ኢሜይልን ከሰርቨር የማንበቢያ ደንብ) እና የቲኤልኤስ (ግንኙነትን የማመስጠሪያ ደንብ) አሠራር አንድ ነውና።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ ምንም ሳይል ይቆይና ጊዜው አለፈ ይላል

በቅድሚያ የፖርት ቁጥሩን (ፕሮግራሙ በሰርቨሩ ላይ የሚገባበትን በር) እና የምስጠራውን ዓይነት አንድ ላይ ይመልከቱ። በፖርት 993 ግንኙነቱ ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ የተመሰጠረ ስለሆነ ንግግሩን የሚከፍተው ፕሮግራሙ ነው፤ በፖርት 143 ግን ሰርቨሩ በግልጽ ጽሑፍ ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል። ፕሮግራሙ ያለ ምስጠራ 993ን ከከፈተ፣ እሱ የሰርቨሩን ሰላምታ፣ ሰርቨሩም የእሱን የምስጠራ ጥያቄ እየጠበቁ፣ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ዝም ተባብለው ይቀራሉ። በተገላቢጦሹ 143ን በቀጥታ በቲኤልኤስ የከፈተ ሰው ወዲያውኑ «የስሪት ቁጥሩ የተሳሳተ ነው» የሚል መልእክት ያገኛል፤ ይህም ብዙዎችን ሶፍትዌር ወደ ማደስ ይመራቸዋል፤ ነገሩ ግን ፕሮግራሙ ግልጹን ሰላምታ እንደ ምስጢር ለማንበብ መሞከሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአይማፕ 993ን፣ ለፖፕ 3 (ለሌላው የኢሜይል ማውረጃ ደንብ) ደግሞ 995ን ከሙሉ ምስጠራ ጋር ይጠቀሙ። በ143 ወይም በ110 የግድ መግባት ካለብዎ የይለፍ ቃሉ ከመላኩ በፊት ግልጹን ግንኙነት ወደ ተመሰጠረ የሚቀይረው ስታርት ቲኤልኤስ መታዘዝ አለበት። ሁሉም ትክክል ሆኖ ዝምታው ከቀጠለ ኮምፒውተሩን በስልክ ዳታ አገናኝተው ይሞክሩ፤ ያን ጊዜ ከሠራ ፖርቱን የዘጋው የቢሮው ፋየርዎል ነው።

ምልክት፦ «ሰርተፍኬቱ የሚጸናበት ጊዜ ገና አልደረሰም»

ሰርተፍኬት ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት፣ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ያለው ዲጂታል ማስረጃ ነው። ይህ ስህተት እኛ አገር ልዩ ምክንያት አለው። በ2017 የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ማረፊያው በእንግዳ በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ፕሮግራሙ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ኢሜይል እንዳላወረደ ተደወለልኝ። ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ የማዘርቦርዱ ባትሪም ስለሞተ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀኑን ረስቷል። እንግዳ ተቀባይዋ በጎ አስባ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየችና 3ኛ ወር፣ 12ኛ ቀን፣ 2017 ብላ ሞላችው። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሆነ ራሱን በማርች 2017 አገኘው፤ በ2024 የተሰጠው የሰርቨሩ ሰርተፍኬትም ለእሱ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚጀምር ወረቀት ሆነበት።

ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን 3፡00 ብሎ የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አስቀርቶታል። ሰርተፍኬቶች ለወራት ስለሚያገለግሉ ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ሰርቨሩ በዚያው ጠዋት ሰርተፍኬቱን ካደሰ ግን ግንኙነቱ ለጥቂት ሰዓታት ይቋረጥና ማንም ሳይነካው ከሰዓት በኋላ ይስተካከላል። ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያደናግር ብልሽት የለም። መፍትሄው የሰዓት ቀጠናውን በምሥራቅ አፍሪካ ማስቀመጥ፣ ቀኑን በጎርጎርዮሳዊው መሙላት፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱን እንዲያስተካክል መፍቀድና የማዘርቦርዱን ባትሪ መቀየር ነው፤ ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የሚባለው ሳንቲም መሰል ነው።

የመልእክቱ ቃል «ስሙ አይመሳሰልም» ከሆነ ግን ቀኑን አይንኩ። ሰርተፍኬቱ የተሰጠው ለአስተናጋጁ ድርጅት ሰርቨር ስም ሆኖ፣ እርስዎ በራስዎ ዶሜይን ወይም በአይፒ ቁጥር እየጠሩት ነው፤ ድርጅቱ የሰጠዎትን የሰርቨር ስም ያስገቡ።

ምልክት፦ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ አልቀበልም ይላል

እዚህ ላይ ምስጠራው ሥራውን ጨርሷል፤ የቀረው የመግቢያው ጉዳይ ነው። ጂሜይል በተራ የይለፍ ቃል ለሚገቡ ፕሮግራሞች በሩን ዘግቷል፤ ስለዚህ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብርተው 16 ፊደላት ያሉትን የመተግበሪያ የይለፍ ቃል ያውጡና እሱን ይጠቀሙ። በማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ኦንላይን ለአይማፕና ለፖፕ የሚያስፈልገው ኦኦት 2፣ ማለትም በይለፍ ቃል ፋንታ በጊዜያዊ የፈቃድ ቁልፍ የመግቢያ ዘዴ ነው።

ምልክት፦ ምንም ስህተት አይታይም

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። የሰርተፍኬት ስህተት ሲመጣ ማረጋገጫውን የሚያጠፋ አንድ መስመር ጨምሮ መገላገል የተለመደ ነው፤ መስመሩ ከዚያ በኋላም የተመሰጠረ ይሆናል፤ ከማን ጋር እንደተመሰጠረ ግን አይታወቅም፤ በካፌ ዋይፋይ መካከል ላይ የገባ ሰው የራሱን ሰርተፍኬት አቅርቦ የይለፍ ቃሉን ሊወስድ ይችላል። አይማፕሊብ የተባለው የፓይተን የአይማፕ ሞጁል ደግሞ የኤስኤስኤል ኮንቴክስት (የምስጠራና የማረጋገጫ ቅንብር) ካልተሰጠው ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሰርተፍኬቱን ሳያጣራ ይገናኛል። የእኔም ፕሮግራም የመጀመሪያ ቅጂ ለወራት የሠራው እንዲሁ ነበር። መፍትሄው በኤስኤስኤል ሞጁል ውስጥ «ክሬት ዲፎልት ኮንቴክስት» በተባለው ተግባር ኮንቴክስት ፈጥሮ ግንኙነቱ ሲከፈት አብሮ መስጠት ነው።

መስተካከሉን ለማወቅ ሰርቨሩን ሆን ብለው በስሙ ፋንታ በአይፒ ቁጥሩ ይጥሩት። ፕሮግራሙ ስሙ አይመሳሰልም ብሎ እምቢ ካለ ማረጋገጫው ይሠራል፤ የይለፍ ቃሉን ልኮ ከገባ ወደ ኮዱ ይመለሱ፤ የይለፍ ቃሉንም ይቀይሩ።