ለታካሚ እንክብካቤ ረዳትነት ስትሰለጥኑ ከእጃችሁ ጀምሩ

ከቲዎሪው በፊት እጅ መታጠብን ልመዱ። በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በጣቶች መሃል ጭምር፣ ታካሚ ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም። ቀጥሎ የልብ ምት መቁጠር ነው። ሁለት ጣት የታካሚው የእጅ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ በታች ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉና አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ በአውራ ጣታችሁ ግን አትለኩ፣ የራሱ ምት ስላለው ያሳስታችኋል። እረፍት ላይ ያለ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ነው። ከዚህ ከወጣ መዝግቡና ወዲያው ለነርሷ ንገሩ፣ በራሳችሁ አትወስኑ።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ሰውነት ማጠብ ነው። መጋረጃውን ዝጉ። የምታጥቡትን ቦታ ብቻ ግለጡ፣ ሌላውን በፎጣ ሸፍኑ። "አሁን ክንድዎን ላነሳ ነው" በሏቸው፣ ባይመልሱላችሁም እንኳ።