በጀቱ አልቋል፣ ዕቅዱ ግን አልተጀመረም፦ ችግሩ የት ነው?

ካዛንቺስም ሆነ ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት ቢሮዎች አንዱ ጎራ ብትሉ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የ5 ዓመት ስትራቴጂ አይጠፋም። ፋይናንስ ክፍሉ ኤክሴል ላይ ግን ስትራቴጂው የለም።

ዕቅዱ አዲስ፣ በጀቱ ያምናው

ምልክቱ፦ ድርጅቱ «ዘንድሮ ትኩረታችን ኦንላይን ሽያጭ ነው» ይላል። በጀቱ ሲታይ ሁሉም ክፍል ያምናውን ይዞ 10 በመቶ ጨምሮበታል። ለኦንላይኑ የተረፈችው ፍርፋሪ ናት።

ምክንያቱ፦ በጀት የሚጠየቀው በክፍል ነው። አዲሱ ግብ ግን የሽያጭም፣ የአይቲም፣ የመጋዘንም ሥራ ነው፤ ስለዚህ ጠያቂ የለውም። በዚያ ላይ ኃላፊው እንደሚቆረጥበት ስለሚያውቅ አስፋፍቶ ያመጣል፣ ፋይናንስም እንደተስፋፋ ስለሚያውቅ ይቆርጣል። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን ጨዋታው በየዓመቱ ይደገማል።

መፍትሄው፦ ኤክሴሉ ላይ አንድ አምድ ጨምሩ፤ «ይህ ወጪ ለየትኛው ግብ ነው?» የሚል። ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ መብራትና ውሃ «መደበኛ» ተብለው ይለዩ። የቀረውን በየግቡ ደምሩት። «ልዩ ልዩ ወጪ» የምትባለዋን መስመር በተለይ ገልጣችሁ እዩ፤ ብዙ ጉድ የሚደበቀው እዚያ ነው። ለዋናው ግብ የደረሰው ገንዘብ ከመስተንግዶ ያነሰ ከሆነ፣ ስብሰባ መጠራት ያለበት ያኔ ነው። የግቡ ገንዘብ መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ክፍሎች የተረፈውን ይካፈሉ። ለእያንዳንዱ ግብም አንድ ተጠያቂ ሰው ይመደብ። ኮሚቴ አይደለም፣ ሰው።

የሰኔ ግርግር

ምልክቱ፦ ዓመቱን ሙሉ የተኛ በጀት ሰኔ ላይ ወንበርና ቶነር ይሆናል። ሦስት ፕሮፎርማ በአንድ ቀን ይሰበሰባል።

ምክንያቱ፦ «ካልጨረስነው ለከርሞ ይቀነስብናል» የሚል ፍራቻ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ ይገባኛል። የግል ድርጅት ይህን ልማድ ለምን እንደሚቀዳ ግን አይገባኝም።

መፍትሄው፦ በየሦስት ወሩ ገምግሙ። ያልተነካውን ገንዘብ ወደሚሠራ ግብ አዛውሩ። ገንዘቡን በፈቃዱ የለቀቀ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት አይቀጣ፤ አለበለዚያ ማንም አይለቅም።

ዶላር የበላው በጀት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ብቻ የታቀደ የማሽን ግዥ ሜዳ ላይ ቀረ። ከውጭ የሚገባውን ዕቃ በዶላር መዝግቡ። ብሩን በሁለት ተመን አስሉት፤ በዛሬውና ከፍ ባለው። ከፍ ያለው ከመጣ የትኛው ግዥ እንደሚዘገይ አሁኑኑ ተስማሙ፤ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ተከፍቶ መከራከር ዋጋ የለውም።

ገንዘብ አለ፣ ሰው የለም

አራት ፕሮጀክት አላችሁ እንበል፤ ዝርዝራቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አራቱም ላይ ያው አንድ ልጅ ይገኛል፤ ሲስተሙን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ። የሳምንት ሰዓቱን በሠንጠረዥ አውጡለት። 40 ሰዓት ያለው ሰው 70 ሰዓት ተጭኖበት ከሆነ፣ ሁለቱን ፕሮጀክቶች ወደ ጥር ግፉ፣ ከተረፈው በጀት ረዳት ቅጠሩለት። አለቃ ካኮረፈ ሠንጠረዡን አሳዩት።